የምሽት በረራ፦ አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ መብራቱ ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄ፦ «እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በምሽት በረራ መጣሁ። ልናርፍ ስንል የውስጡ መብራት ድንገት ደበዘዘ፤ አስተናጋጇም የመስኮት መሸፈኛ ክፈቱ እያለች አለፈች። እናቴ ‹ምን ተበላሸ?› ብላ ደነገጠች። አጠገባችን የተቀመጡ ሰው ደግሞ ‹ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ኃይል እንዳያንሰው ነው› አሉን። ስንነሳም እንዲሁ ደብዝዞ ነበር። እውነቱ የቱ ነው?»

ምላሽ፦

የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ እናትዎን ያረጋጉልን። መብራቱን ሆን ብለው የሚያደበዝዙት አስተናጋጆቹ ራሳቸው ናቸው። ድንገት ከአውሮፕላኑ መውጣት ግድ ቢሆን የተሳፋሪው ዓይን ጨለማውን አስቀድሞ ለምዶ እንዲጠብቅ ነው። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ አንድን የመንገደኛ አውሮፕላን ባዶ ለማድረግ የሚታሰበው ጊዜ ግን 90 ሰከንድ ነው። ዓይንን ማጣደፍ አይቻልም። የሚቻለው ቀደም ብሎ ማስጀመር ብቻ ነው።

ለባሕር ዳር ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማታ ሳሎን ቁጭ ብለው ሳለ መብራት ሲሄድ የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ያስታውሱ። ሻማው የት እንደተቀመጠ እያወቁ እንኳ ጉልበትዎ ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል። ትንሽ ቆይቶ መጀመሪያ መስኮቱ ይለያል፣ ከዚያ በሩ፣ ከዚያ የወንበሩ ጀርባ። ክፍሉ እንደጨለመ ነው፤ የተለወጠው ዓይንዎ ነው። በጠራራ ፀሐይ ቆይተው ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲገቡም ያው ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ መጀመሪያ ጥቁር ብቻ ይመስላል፣ ቆም ካሉ ግን ቀዩና ቢጫው ቀስ እያለ ይወጣል። ቸኩሎ የወጣ ጎብኚ ግማሹን ሥዕል ሳያይ ይመለሳል።

ዓይን ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ብሌኑ ይሰፋል። በደማቅ ብርሃን 2 ሚሊሜትር ገደማ የነበረው በወጣት ሰው እስከ 7 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ የሚያስገባው ብርሃን 12 እጥፍ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ይህ በሰከንዶች የሚሠራ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎ በዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው የሬቲናው ሴሎች ተራቸውን ይይዛሉ። ቀለም የሚለዩት ኮን የሚባሉት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ የሚችሉትን ያህል ይለምዳሉ። ለደብዛዛ ብርሃን የተፈጠሩት ሮድ የሚባሉት ሴሎች ግን ሙሉ አቅማቸው ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድባቸዋል። በውስጣቸው ያለው ሮዶፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር ደማቅ ብርሃን ሲመታው ይፈርሳል፣ በጨለማ ደግሞ ቀስ ብሎ እንደገና ይሠራል። ለመሠራት ቫይታሚን ኤ ይፈልጋል፤ ቫይታሚኑ ያነሰው ሰው ዳፍንት የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ ግን ሁሉም ነገር ፈጣን ነው። ከጨለማ ወደ ብርሃን የወጣ ሰው ትንሽ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አድርጎ ወዲያው ያያል። ስለዚህ መብራቱን አስቀድሞ ማደብዘዝ ምንም ባይፈጠር ጉዳት የለውም፤ አለማደብዘዝ ግን የሆነ ነገር ቢፈጠር ጉዳት አለው። አሠራሩ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው «ታዲያ የአደጋ ጊዜ መብራት የለም ወይ?» በሚለው ነው። አለ። ግን ምን ያህል እንደሆነ ቁጥሩን ይመልከቱ። የአሜሪካና የአውሮፓ የአውሮፕላን ሥሪት ደንቦች የሚጠይቁት የአደጋ ጊዜ መብራት በመተላለፊያው ላይ፣ በወንበር እጅ መደገፊያ ከፍታ ሲለካ፣ በአማካይ ግማሽ ሉክስ ገደማ ነው፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት በጣና ላይ የወጣች ሙሉ ጨረቃ ከ0.1 እስከ 0.3 ሉክስ ትሰጣለች። በደንብ የበራ ቢሮ ደግሞ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ይሆናል። የአደጋ ጊዜ መብራት እንግዲህ ከሙሉ ጨረቃ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ከቢሮ መብራት ደግሞ ወደ አንድ ሺህ ጊዜ የሚያንስ ነው። ጨለማ ለለመደ ዓይን ይበቃል፤ ወንበር፣ ሰው፣ በር ይለያል። ከደማቅ ክፍል በአንድ ጊዜ ለተወረወረ ዓይን ግን መብራት ሄዶ ሳሎን ውስጥ እንደመቅረት ነው።

መብራቱ ለምን እንዲህ አነሰ ቢሉ፣ የሚሠራው በራሱ ባትሪ ስለሆነ ነው። የአውሮፕላኑ ዋና ኤሌክትሪክ ተቋርጦ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አካሉ ተሰብሮም ቢሆን ቢያንስ ለ10 ደቂቃ መብራት አለበት። ቦይንግ 737 ላይ ይህ መብራት በአብራሪዎቹ ራስጌ፣ ክዳን ባለው ማብሪያ፣ «ዝግጁ» በሚለው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ማንም ሳይነካው በራሱ ይበራል። አብራሪዎቹ ዝግጁ ማድረጉን ከረሱ ብርቱካንማ ማስጠንቀቂያ ፊታቸው ይበራል። ከኋላ በአስተናጋጆቹ ፓነል ላይም በእጅ የሚያበሩት ሌላ ማብሪያ አለ። እርስዎ ሲደበዝዝ ያዩት የጣሪያው መብራት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። እሱ የሚታዘዘው በፊተኛው በር አጠገብ ካለው ፓነል ነው፤ ደማቅ፣ መካከለኛ፣ ደብዛዛ፣ ሌሊት የሚሉ ደረጃዎች አሉት።

90 ሰከንዱ ከየት መጣ? ከ44 በላይ መቀመጫ ያለው አውሮፕላን ፈቃድ ሲያገኝ አምራቹ ሙሉ ተሳፋሪና ሠራተኛ በ90 ሰከንድ መሬት እንደሚደርስ ማሳየት አለበት። ሙከራው በሌሊት ወይም ሌሊት ባስመሰለ ጨለማ ይደረጋል፤ ከበሮቹ ግማሹ ብቻ ይሠራሉ፣ የትኞቹ እንደሚሠሩ ተሳፋሪዎቹ አያውቁም፣ መተላለፊያው ላይም ሻንጣና ብርድ ልብስ ተበትኖ ይጠብቃቸዋል። ከተሳፋሪዎቹ ቢያንስ 35 በመቶው ከ50 ዓመት በላይ መሆን አለባቸው። ሕፃን መውሰድ ስለማይቻል ሦስት አሻንጉሊት ይታቀፋሉ። ኤርባስ 380 በመጋቢት 1998 ዓ.ም. ሃምቡርግ ላይ ሲፈተን 873 ሰው ከ16 በሮች በስምንቱ ብቻ በ78 ሰከንድ ወጥቷል። ወደ ባሕር ዳር የሚመላለሱት ኪው 400ና ቦይንግ 737ም በዚሁ ደንብ ውስጥ ናቸው።

ከጣሪያው መብራት በታች ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ተሳፋሪ ረግጦት ያልፋል እንጂ አያየውም። በመተላለፊያው ዳር ወለሉ ላይ የተዘረጋው ጠባብ መስመር ነው። ይህ የመጣው ከመራራ ትምህርት ነው። በግንቦት 1975 ዓ.ም. አንድ የካናዳ አውሮፕላን በበረራ ላይ እሳት ተነስቶበት ሲንሲናቲ አረፈ። ከ46ቱ ሰዎች 23ቱ ሞቱ፤ በሮቹ በተከፈቱ በ60 እና በ90 ሰከንድ መካከል ውስጡ በአንድ ጊዜ ነደደ። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከበር በላይ ያለውን የመውጫ ምልክት ቀድሞ የሚውጠው እሱ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚያየው ወለሉን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አሜሪካ የወለል ላይ መንገድ ጠቋሚ መብራትን ግዴታ አደረገች፤ ሌላውም ተከተለ።

በመጀመሪያ እነዚህ ጠቋሚዎች ትናንሽ አምፖሎች ነበሩ፤ አሁን በብዙ አውሮፕላን ላይ ያለው ብርሃን ጠጥቶ በጨለማ የሚያበራ አረንጓዴ መስመር ነው። ሽቦ የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ አይቃጠልም። አረንጓዴ መሆኑም ይጠቅማል፤ ሮድ ሴሎች አብልጠው የሚያዩት ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያዘነበለውን ብርሃን ነው፣ ቀይ ለእነሱ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። ግን ይህ መስመር ብርሃን መጠጣት አለበት። ሌሊቱን ጨልሞ ያደረ አውሮፕላን ጠዋት ለመጀመሪያው በረራ ሲዘጋጅ ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት የካቢኑ (የተሳፋሪው ክፍል) መብራት በሙሉ ድምቀት በርቶ መቆየት አለበት፤ የጊዜው ርዝመት በመስመሩ ዓይነት ይለያያል፣ የአምራቹ መመሪያ በደቂቃ ይነግራል። ስለዚህ ሲሳፈሩ ካቢኑ ዓይን የሚወጋ ያህል ደምቆ ሲያገኙት ለጌጥ ብቻ አይደለም። መስመሩ ላይ ቦርሳ ወይም ጋቢ ሲዘረጋበት፣ ሽፋኑ ሲቆሽሽ ወይም ሲጫር ደግሞ የሚጠጣውም የሚሰጠውም ብርሃን ይቀንሳል። ቦርሳዎን ከመተላለፊያ አንሱ የሚባሉት ለመሰናከል ብቻ አይደለም እንግዲህ።

ለምን በመነሳትና በማረፍ ጊዜ ብቻ? አደጋ የሚበዛው እዚያ ስለሆነ። አውሮፕላኑ መሬት አጠገብ ነው፣ ለማሰብ ጊዜ የለም፣ ነዳጅ አለ፣ ማኮብኮቢያው አጭር ነው። የሰው ሞት ካስከተሉ የጄት አውሮፕላን አደጋዎች ከግማሽ የሚበልጡት በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች የደረሱ ናቸው። አብራሪዎች ከተነሱ በኋላ ያለውን 3 ደቂቃና ከማረፋቸው በፊት ያለውን 8 ደቂቃ ለብቻው የሚቆጥሩት በዚህ ነው። ባሕር ዳርም የራሷ ትዝታ አላት፦ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ ሊበር የተነሳ ቦይንግ 737 ገና መሬቱን ሲለቅ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶ፣ ለመመለስ ሲሞክር ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ።

በሌሊት ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ቶኪዮ ሃኔዳን ይመልከቱ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አመሻሹ ላይ ኤርባስ 350 ሲያርፍ ማኮብኮቢያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከጠባቂው አውሮፕላን ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ አውሮፕላን ውስጥ የድምፅ ማጉያው ዝም አለ፣ ከስምንቱ በሮች የሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ 379ኙም ሰዎች በሕይወት ወጡ።

የመስኮቱ ነገር ደግሞ የመብራቱ መንትያ ነው። ማታ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሊቆጥር የውስጡን መብራት ሲያበራ ሾፌሩ «አጥፋው!» ብሎ የሚጮኸው ለምን ይመስልዎታል? መስታወቱ መስታየት ይሆንበታል፤ መንገዱን ትቶ የራሱን ፊት ያያል። የአውሮፕላን መስኮትም እንዲሁ ነው። ውስጡ ሲደምቅ አስተናጋጇ ወደ ውጭ ብታይ የምታየው ራሷን ነው። ሲደበዝዝ ግን ሞተሩ፣ ክንፉ፣ ፕሮፔለሩ ይታያል፤ የትኛው ጎን እየነደደ እንደሆነ ይለያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እሳት ባለበት በኩል በር መክፈት እሳቱን ወደ ውስጥ መጋበዝ ስለሆነ አስተናጋጆች በር ከመክፈታቸው በፊት በመስኮት አይተው ይወስናሉ። ከውጭ የሚመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በተከፈተ መስኮት ወደ ውስጥ ማየት ይችላሉ። ቀን ከሆነ ደግሞ መሸፈኛው መከፈቱ ዓይን የውጭውን ፀሐይ እንደለመደ እንዲቆይ ያደርጋል፤ መብራት ማደብዘዝ ያኔ ትርጉም የለውም።

የእርስዎ ዓይነት በረራ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ ባሕር ዳር የሚፈጀው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማ ቶሎ ይወርዳል፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አመሻሹ 12 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ላይ ገና ብርሃን እያለ የተሳፈረ ሰው በደማቅ ካቢን ውስጥ ሲጫወት ቆይቶ ባሕር ዳር ሲደርስ ከታች ያለው ጣና ድፍን ጥቁር ነው። መብራቱ ባይደበዝዝ ኖሮ ዓይኑ መምሸቱን እንኳ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ እንምጣ። «ሞተሩ ኃይል እንዲያገኝ ነው» የሚለው በየበረራው የሚሰማ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። በቦይንግ 737 አዲሶቹ ዓይነቶች ላይ እያንዳንዱ ሞተር 90 ኪሎቮልት አምፔር የሚያመነጭ ጄኔሬተር አለው፤ የካቢኑ መብራት ከዚህ የሚወስደው ኢምንት ነው። ከሁሉም በላይ፣ በማረፍ ጊዜ ሞተሩ ከአቅሙ በታች ነው የሚሠራው፤ ያኔ ኃይል ለመቆጠብ መብራት ማደብዘዝ ምን ይሉታል? ሰውየው ግን ከባዶ አልተነሱም። የባሕር ዳር ማኮብኮቢያ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ወለል ላይ ካለው 16 በመቶ ያህል ይሳሳል፣ የሞተሩም ጉልበት የክንፉም ማንሳት ይቀንሳል። በሞቃት ከሰዓት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በከፍታና በሙቀት ለመነሳት አብራሪዎች አንዳንድ ጊዜ የሚዘጉት ነገር አለ፤ እሱ ግን አየር ማቀዝቀዣው ነው፣ ከሞተሩ የታመቀ አየር ስለሚወስድ። ከራስዎ በላይ ያለው የአየር መውጫ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ሲል ከሰሙ ምናልባት እሱ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰዓት ስለሚሆኑ ሰው ያምታታቸዋል።

አሠራሩን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ራሱ ተሳፋሪው ነው፤ ይኸውም በስልክ። ካቢኑ ደብዝዞ ሳለ ፊቱን ከሙሉ ድምቀት ስክሪን ላይ የተከለ ሰው ዓይኑን ቢሮ ውስጥ እንዳስቀመጠው ነው፤ የጎረቤቱ ዓይን አሥር ደቂቃ ሲሠራ የእሱ ዜሮ ላይ ነው። ስልኩን ማየት ግድ ከሆነ ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ኪስ ማስገባቱ ግን ይሻላል። አስተናጋጆቹ ሲዘነጉና መብራቱን ሊያርፉ ሁለት ደቂቃ ሲቀራቸው ሲያደበዝዙትም ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ግን አይጠፋም፤ ብሌኑ ሰፍቷል፣ ኮኖቹም ጀምረዋል። ሙሉ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው በግማሽ ሉክስ መንገድ ማየት ነው እንጂ ኮከብ መቁጠር አይደለም።

ለእናትዎ ደግሞ ለብቻ የምንለው አለን። ዕድሜ ሲገፋ ብሌን እንደ ወጣት አይሰፋም፣ ጨለማ መልመድም ይዘገያል። ስለዚህ ደብዛዛው ጊዜ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእሳቸው ነው። ገና ብርሃን ሳለ ከወንበራቸው እስከ ቅርቡ መውጫ ስንት የወንበር ጀርባ እንዳለ በእጅ ያስቆጥሯቸው፤ ወደ ኋላም ይቁጠሩ። ኪው 400 ላይ መውጫዎቹ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ናቸው፤ መሃል ላይ የለም፣ ክንፉም ከላይ ነው። ቦይንግ 737-800 ላይ ከአራቱ በሮች ሌላ በክንፉ ላይ የሚያወጡ አራት መስኮት መሰል መውጫዎች አሉ። ጫማ አይወለቅ። ነጠላቸውን ወንበር እንዳይዝባቸው ወገባቸው ላይ ሸብ ያድርጉት፤ ጥጥ ስለሆነ ጭስ ቢኖር ጫፉ አፍና አፍንጫ ለመሸፈን ይሆናል። ጭስ ካለ ዝቅ ብሎ መሄድ፣ ዓይንን ከአረንጓዴው መስመር አለመንቀል። ቦርሳ ይቅር።

እናትዎ ሲያርፉ የጸሎት መጽሐፍ መግለጥ ከፈለጉ ከራሳቸው በላይ ያለችውን ትንሿን የንባብ መብራት ማብራት ይችላሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም፣ ብርሃኗም ከጭናቸው ብዙ አታልፍም። ከነጭ ወረቀቱ የሚመለሰው ብርሃን ግን ለእሳቸው ዓይን በቂ ነው፣ ልምምዱን ያዘገየዋል። ቢቻል አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሳይጀምር ጨርሰው መጽሐፉን ይክደኑ። በቃላቸው የሚደግሙት ከሆነ ደግሞ መብራቱም አያስፈልጋቸውም።